የፕላስቲክ ላይኛው ገጽ አይተኛም
በተማሪዎች ኅብረት የሳይንስ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር



የኅብረቱ የሳይንስ ክፍል ኃላፊዎች በዚህ ምሽት አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ከመጽሐፍ ያነበብኩትን አሳምሬ ማቅረብን ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው፣ መጽሐፉን እናንተም ልታነቡት ስለምትችሉ፣ በየትኛውም መጽሐፍ የማታገኙትን አንድ ጥፋቴን ጨምሬ ላቀርብላችሁ ወሰንኩ። ርእሴ የስስ ፕላስቲክ ላይኛው ገጽ ነው፤ ይኸውም በዚያ ገጽ ላይ ያሉት ሞለኪዩሎች እንዴት እንደተደረደሩና እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ለማስረዳት ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል። እኔ ግን በዚሁ ጉዳይ ከቅርብ ጓደኛዬ ጋራ ተጣልቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንነጋገር ስለ ቆየን፣ ደረቅ ነው ለማለት አልደፍርም።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ጠቡ የተነሣው እንዲህ ነው። ባለፈው የትምህርት ዘመን ሁለት ሁለት እየሆንን በላቦራቶሪ አንድ ሥራ እንድንሠራ ታዘን ነበር። እኔና ጓደኛዬ የመረጥነው ተራውን የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ፣ ማለት የዳቦና የስኳር ከረጢት የሚሠራበትን ዓይነት ወስደን፣ ውሃ ሲያርፍበት የሚሆነውን መለካት ነበር። ውሃ በዚህ ፕላስቲክ ላይ ሲንጠባጠብ አይነጠፍም፤ እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ይቆማል። የጠብታው ጠርዝ ከፕላስቲኩ ጋራ የሚሠራው ማእዘን ቢለካ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል። ፕላስቲኩን ግን ሳይቀልጥ ፈጠን አድርገው በጋዝ ነበልባል ላይ ቢያሳልፉት፣ ላይኛው ገጹ ኦክሲጅን ይይዛል። ኦክሲጅን የያዘ ገጽ ደግሞ ውሃን ይወዳል፤ ስለዚህ ጠብታው ይነጠፋል፣ ማእዘኑም ያንሳል።

ነበልባል የነካውን ፕላስቲክ ለሁለት ቆረጥነውና እኩሌታውን እኔ፣ እኩሌታውን እሱ ወሰድን። በሳምንቱ እያንዳንዳችን አሥር አሥር ጠብታ አሳርፈን፣ በጎን በኩል በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ እያነሣን ማእዘኑን ለካን። የኔ ጠብታዎች ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ተነጥፈው ተኙ። የሱ ጠብታዎች ግን ተኮማትረው ቆሙ፤ ፕላስቲኩ ነበልባል ያየ አይመስልም ነበር።

እኔ፣ «በእጅህ ነክተኸው ነው፤ የጣትህ ቅባት ነው» አልኩት። እሱም፣ «አንተ በሳሙና የታጠበ ዕቃ ሳታለቀልቅ ተጠቅመህ ይሆናል እንጂ የኔስ ንጹሕ ነው» አለኝ። ቃል ቃልን እየጎተተ ነገሩ ከጠብታ አልፎ ወደ ሰውነታችን ሄደ። ሪፖርቱን እንድጽፍ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ፤ ጥፋቴ ይህ ነው። የሱን አሥር ቁጥሮች ሰረዝኩና በራሴ አሥር ቁጥሮች ብቻ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ውጤቱም ያማረ ሆነ።

መምህራችን ሪፖርቱን አንብበው ጠሩኝ።

«ሁለት ሆናችሁ አይደለም እንዴ የሠራችሁት?» አሉኝ።

«አዎን፣ መምህር» አልኳቸው።

«ታዲያ የጓደኛህ ጠብታዎች ወዴት ደረቁ?»

መልስ አጣሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ሂድና የሰረዝከውን ይዘህ ና፤ ምናልባት ካስቀረኸው ይልቅ የሰረዝከው ይበልጥ ይናገር ይሆናል» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እኔም ያፈሰስኩትን ለመልቀም ሄድኩ። ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም ጥቂት ካቅማማ በኋላ ታረቀኝና የየራሳችንን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግተን አነበብን። ልዩነቱ እዚያው ተጽፎ ነበር። እኔ ቁራጬን ያኖርኩት በቀዝቃዛ ክፍል በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱ ግን እንዲደርቅለት ብሎ በ80 ዲግሪ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ አሳድሮት ነበር። አዲስ ፕላስቲክ በነበልባል አሳለፍንና እኩሌታውን በመሳቢያ፣ እኩሌታውን በምድጃ አኖርን። የምድጃ ቅባት ነክቶት እንዳይሆን በንጹሕ የብርጭቆ ሣህን ከደነው። ከዚያም ሁለታችንም ሁለቱንም ለካን። የመሳቢያው ተነጠፈ፣ የምድጃው ተኮማተረ፤ በኔም እጅ፣ በሱም እጅ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ስሕተቱ የነበረው በቁጥሮቹ ላይ ሳይሆን፣ አንድ ፕላስቲክ ምን ጊዜም የማይለወጥ አንድ ገጽ ብቻ አለው በሚለው ሐሳባችን ላይ ነው።

እንግዲህ ፕላስቲኩ በምድጃው ውስጥ ምን ሆነ? ይህን ለመረዳት ፕላስቲክ ከምን እንደተሠራ ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አያሌ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጎማን የመሳሰሉ ነገሮች ትንንሽ ሞለኪዩሎች ተጠጋግተው የተከማቹባቸው ይመስሏቸው ነበር። በ1920 ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር፣ እነዚህ ነገሮች በእውነተኛ የኬሚስትሪ ማሰሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ብሎ ጻፈ። ብዙዎቹ የሞያ ጓደኞቹ አልተቀበሉትም፤ ይህን ያህል ትልቅ ሞለኪዩል ሊኖር አይችልም አሉት። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ግን የሱ ሐሳብ አሸንፎ በ1953 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ ፖሊመር የምንለው ይህን ረጅም ሰንሰለት ነው። አንዱ ሰንሰለት በሺህ የሚቆጠሩ ቀለበቶች ሊኖሩት ይችላል። ተዘርግቶም አይቀመጥም፤ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ፣ ከጎረቤቶቹም ጋራ እንደ ተመሰቃቀለ ፈትል ተጠላልፎ ይኖራል።

አሁን ይህን የሰንሰለት ክምችት ትታችሁ በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳን አስቡ። ከሕዝቡ መካከል የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ኋላ ማዞር ቢፈልግ ብቻውን አይችልም። በስተቀኙ ያለው ጠጋ ሊልለት፣ ያም ጠጋ እንዲል ሌላው ሊጠጋለት ያስፈልጋል። በሕዝቡ ዳር የቆመ ሰው ግን በአንድ ወገኑ ባዶ ሜዳ አለለት፤ ስለዚህ ያለ ብዙ ችግር ይዞራል፣ ክንዱንም ይዘረጋል። በፕላስቲክ ውስጥም እንዲሁ ነው። በውስጥ ያለ የሰንሰለት ክፍል በሁሉም ወገን በጎረቤቶቹ ታጥሯል። በላይኛው ገጽ ያለው ግን በአንድ ወገኑ አየር እንጂ ጎረቤት የለውም። ሰንሰለቱ ቢገላበጥ የሚከለክለው ያነሰ ነው። እንግዲህ የላይኛው ገጽ የመጀመሪያ ጠባይ ይህ ነው፤ የመንቀሳቀስ ነጻነት።

ሁለተኛው ጠባይ ምርጫ ነው። ዳር የቆመ ሰው ለመዞር ነጻ ቢሆንም ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነው። ላይኛው ገጽ ከአየር ጋራ ሲገናኝ፣ ቅባት መሰል የሆኑት የሰንሰለቱ ክፍሎች ወደ ውጭ ቢሆኑ፣ ኦክሲጅን የያዙትም ወደ ውስጥ ቢገቡ ጠቅላላው ጉልበት ያንሳል፤ ተፈጥሮም ወደ አነሰ ጉልበት ያዘነብላል። ላይኛው ገጽ ከውሃ ጋራ ሲገናኝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ የገጹ አደራደር ፕላስቲኩ ሲሠራ አንድ ጊዜ የተወሰነ ሳይሆን፣ ጎረቤቱን አይቶ የሚለዋወጥ ነው። ለመለወጥ ግን ጊዜና ሙቀት ያሻል።

የኛ ጠብታዎች ምስጢርም ይኸው ነው። በነበልባሉ ምክንያት ገጹ ላይ የተቀመጠው ኦክሲጅን በምድጃው ሙቀት ጠፍቶ አልሄደም፤ ጥቂት ወደ ውስጥ ዞረ እንጂ። በ1980ዎቹ ዓመታት በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ባልደረቦቹ በዚሁ በፖሊኢትሊን ገጽ ላይ በኬሚካል አማካይነት የአሲድ ክፍሎችን አብቅለው ነበር። ፕላስቲኩን ሲያሞቁት ውሃውን እየገፋ መጣ፤ የአሲዱ ክፍሎች ግን እዚያው ከገጹ ሥር ነበሩ። ውሃው እንዳይነካቸው ያህል ብቻ ዝቅ ብለው ተሸሽገዋል። የውሃ ጠብታ የሚያየው ከናኖሜትር ያነሰውን የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ለውጥ የሆነው በዚያች ንጣፍ ውስጥ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይሆናል።

ለዚህ የመገላበጥ ጠባይ ሌላ ጥሩ ምሳሌ በዓይናችን ላይ አለ። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኦቶ ቪክተርሌ ከድራሆስላቭ ሊም ጋራ ውሃ የሚጠጣ ለስላሳ ፖሊመር መሥራቱን በ1960 አሳወቀ። በ1961 የገና ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ ከልጆች የመገጣጠሚያ መጫወቻ ባበጀው መሣሪያ ከዚህ ፖሊመር ለስላሳ የዓይን መነጽር፣ ማለት ብሌን ላይ የሚደረገውን ሌንስ ሠራ። ይህ ፖሊመር በሆዱ ብዙ ውሃ ይዞ ሳለ፣ አየር ላይ በቆየው ገጹ ላይ የውሃ ጠብታ ቢያርፍበት የሚጠበቀውን ያህል አይነጠፍም። በ1975 ሆሊና ሬፎሆ የተባሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ በአየር ውስጥ ውሃ ጠል የሆኑት የሰንሰለቱ ክፍሎች ወደ ውጭ፣ በውሃ ውስጥ ደግሞ ውሃ ወዳዶቹ ወደ ውጭ ይዞራሉ አሉ። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ ሲቆይ የገጹ ጠባይ ወደ መለወጥ ያዘነብላል ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ አንድ አስተዋይ ተማሪ እንዲህ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። «ፖሊኢትሊን ለስላሳ ነው፤ በክፍል ሙቀትም ከሰንሰለቶቹ ከፊሎቹ ልቅ ናቸው። የሌንሱም ፖሊመር በውሃ የራሰ ነው። ለስላሳ ነገር መገላበጡ ምን ይገርማል? ጠንካራውስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚቀጥለውም ነገሬ ስለ ጠንካራው ነው።

ሲጫኑት ቋ ብሎ የሚሰበረውን ጠራራ የፕላስቲክ ኩባያ ታውቃላችሁ። ብዙውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ከተባለው ፖሊመር ይሠራል። ፖሊስታይሪን ከ100 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ በላይ ሲሞቅ ሰንሰለቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዕቃውም እንደ ሰም ይለሰልሳል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን ሰንሰለቶቹ እንደ በረዶ በሥርዓት ሳይደረደሩ፣ እንደ ተመሰቃቀሉ ባሉበት ይደርቃሉ። ብርጭቆም ጠባዩ እንዲሁ ስለሆነ ይህን የሙቀት መጠን የብርጭቆነት ሙቀት ብዬ ልጥራው። እንግዲህ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ፖሊስታይሪን በውስጡ የደረቀ ነው። ላይኛው ገጹስ?

በ1994 በእንግሊዝ አገር ኬዲ፣ ጆንስና ኮሪ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ፖሊስታይሪንን በሲሊከን ላይ እጅግ ስስ አድርገው ዘረጉና፣ ሲሞቅ የሚያብጥበትን መጠን በብርሃን እየለኩ የብርጭቆነት ሙቀቱን ፈለጉ። ሽፋኑ ከ40 ናኖሜትር ገደማ ሲያንስ የብርጭቆነት ሙቀቱም መውረድ ጀመረ። 10 ናኖሜትር በሆነው ሽፋን ላይ ወደ 25 ዲግሪ ያህል ወርዶ ተገኘ። እነሱም ላይኛው ገጽ እንደ ፈሳሽ የሚንቀሳቀስ ንጣፍ ሳይኖረው አይቀርም ብለው ገመቱ። ሽፋኑ እየሳሳ ሲሄድ ንጣፉ ከጠቅላላው የሚይዘው ድርሻ ስለሚጨምር ነው። በ1996 ደግሞ ፎረስትና ባልደረቦቹ ከሥሩ ምንም ሳይደገፍ፣ በሁለቱም ወገን አየር የሚነካውን ስስ ሽፋን ለኩና እስከ 70 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት አገኙ። ሁለት ነጻ ገጽ ያለው ሽፋን ልዩነቱ መባሱ ግምቱን የሚደግፍ ነው።

ነገር ግን ሁሉም ሰው ይህን አላገኘም። ሌላ ፖሊመር፣ ፒ.ኤም.ኤም.ኤ. የሚባለው፣ በወርቅ ላይ ሲዘረጋ የብርጭቆነት ሙቀቱ ሲወርድ፣ ኦክሳይድ ባለው ሲሊከን ላይ ሲዘረጋ ግን በጥቂቱ ወጣ። ከሥሩ ያለው ነገር አጥብቆ ሲይዘው ሰንሰለቱ ይታሰራል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ግን በ2003 መጣ። ኤፍሬሞቭና ባልደረቦቹ እጅግ ስስ የሆኑ ሽፋኖችን በጣም በፍጥነት እያሞቁ የሚፈጁትን ሙቀት ለኩና፣ የሽፋኑ መሳሳት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም አሉ። ፖሊስታይሪኑ ያው ፖሊስታይሪን ነው፤ ስስነቱም ያው ነው። አንዱ ወገን ወርዷል ይላል፣ ሌላው አልወረደም ይላል። ጓደኞቼ፤ ይህን ሳነብ የኔና የጓደኛዬ ጠብታዎች ትዝ አሉኝ።

እነዚህ ሊቃውንት ግን የባልንጀራቸውን ቁጥር አልሰረዙም፤ ልዩነቱን ራሱን መረመሩት እንጂ። በ2005 ፋክራይና ፎረስት በካናዳ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ስስ ሽፋን በተለያየ ፍጥነት እያቀዘቀዙ ለኩ። ቀስ እያሉ ሲያቀዘቅዙት የብርጭቆነት ሙቀቱ ከወፍራሙ ፖሊስታይሪን በታች በብዙ ወረደ። በፍጥነት ሲያቀዘቅዙት ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ የጠፋ ያህል ሆነ። ምክንያቱም በወፍራሙ ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶችና በስሱ ሽፋን ያሉት ሰንሰለቶች ልዩነታቸው የሚታየው ዝግ ባለው እንቅስቃሴ ላይ ስለሆነ ነው፤ የሚቸኩል መሣሪያ ይህን ሳያየው ያልፋል። እንግዲህ ፈጥኖ የለካውም ዘግይቶ የለካውም እውነቱን ተናግሯል፤ ሁለቱ የጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ አልነበረም።

ከዚህም በላይ፣ ስለ ጠቅላላው ሽፋን ጠይቆ ስለ ገጹ ከመገመት ይልቅ ገጹን ራሱን መጠየቅ ተጀመረ። በ2003 በአሜሪካ ኤሊሰንና ቶርከልሰን ብርሃን የሚሰጥ ምልክት ያለው ስስ የፖሊስታይሪን ንጣፍ ወስደው፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከመካከል እያደረጉ ለኩት። 14 ናኖሜትር የሆነችው የላይኛዋ ንጣፍ የብርጭቆነት ሙቀቷ ከመደበኛው በ32 ዲግሪ አንሶ ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ግን በ2008 ፋክራይና ፎረስት የሠሩት ነው። መጠናቸው 20 ናኖሜትር ያህል የሆኑ ጥቃቅን የወርቅ ፍሬዎችን በፖሊስታይሪን ላይ በተኑና በትንሹ ጠለቅ እንዲሉ አደረጉ። ከዚያም ወርቁን በሜርኩሪ አሟሙተው አወጡት። በገጹ ላይ የቀረው የፍሬዎቹ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ጭቃ ላይ በቆሎ ተጭኖ ሲነሣ እንደሚቀረው ዓይነት። ፕላስቲኩ እውነት እስከ ገጹ ድረስ የደረቀ ቢሆን ጉድጓዱ እንዳለ በቀረ ነበር። እነሱ ግን ስሜት በሚሰጥ መርፌ ገጹን እየዳሰሱ ሲከታተሉት፣ ከብርጭቆነት ሙቀቱ እጅግ በታች፣ እስከ 4 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ እንኳ ወርደው ሲያዩት፣ ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ይሞላ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ በተቀመጠ ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ገጹ ቁስሉን ይሽራል ማለት ነው። በ2010 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች አጫጭር ሰንሰለት ባለው ፖሊስታይሪን ላይ፣ ይህ የሚፈስሰው ንጣፍ ውፍረቱ ከ2.3 ናኖሜትር የማይበልጥ መሆኑን አሳዩ። የገጹ ነጻነት ወደ ውስጥ ምን ያህል ይዘልቃል የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም፤ ላይኛው ገጽ ከውስጡ ይልቅ እንደሚንቀሳቀስ ግን በሰፊው የታመነ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ጥቂት ልጥቀስ።

በከረጢት ላይ ስምና ሥዕል የሚያትም ሰው ቀለሙ እንዲይዝለት ፕላስቲኩን በነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያዘጋጀዋል። የተዘጋጀው ጥቅልል ብዙ ጊዜ በመጋዘን፣ ያውም በሞቃት መጋዘን ቢቀመጥ፣ ገጹ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ማዘንበል ይጀምራል፤ ቀለሙም ይላጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ባለ ማተሚያው ይህን ካላወቀ ቀለም ሻጩን ይከሳል፤ ካወቀ ግን ፕላስቲኩን ባዘጋጀ ሰሞን ያትማል። እንደዚሁም ሁለት የፕላስቲክ ቁራጮች ከብርጭቆነት ሙቀታቸው በታች ሆነው ገጽ ለገጽ ተጭነው ቢቆዩ ሊጣበቁ ይችላሉ፤ የገጹ ሰንሰለቶች ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉና ነው። በኮምፒዩተር ክፍሎች ሥራም ንድፉ የሚቀረጽበት የፖሊመር ሽፋን የናኖሜትር አሥሮች ብቻ ስለሚሆን፣ አብዛኛው ሽፋን ገጽ ነው ለማለት ይቻላል። እዚያ የወፍራሙን ፕላስቲክ ቁጥር ይዞ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል።

በ2007 ደግሞ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኤዲገርና ባልደረቦቹ ይህን የገጽ ነጻነት ለሥራ አዋሉት። በፖሊመር ሳይሆን በትንንሽ ሞለኪዩሎች ነው የሠሩት። ሞለኪዩሎቹን በእንፋሎት መልክ ጥቂት በጥቂት እያሳረፉ ብርጭቆ ሠሩ። እያንዳንዱ ሞለኪዩል ሌላው ሳይጫነው፣ ገጽ ላይ ሳለ የሚመቸውን ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ የተሠራው ብርጭቆ፣ ቀልጦ ከቀዘቀዘው ይልቅ እጅግ የጸና ሆነ። የገጹ አለመተኛት እንግዲህ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ለሚያውቅበት ሰው መሣሪያ ነው።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስና ንግግሬን ልደምድም።

እኔ የጓደኛዬን ቁጥሮች የሰረዝኩት ሰነፍ ስለሆንኩ ወይም ነጥብ ስለራበኝ ብቻ አልነበረም። ይህን ለራሴ ማመካኛ አድርጌ ሳይሆን፣ ከእናንተም መካከል እንዲህ የሚያስብ ይኖራል ብዬ ነው የምናገረው። የሰረዝኩት ከልቤ ስሕተት መስሎኝ ነው። ፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ዕቃ አይለወጥም፣ ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል፤ እኔ ደግሞ አልተሳሳትኩም። ነገሩን እንዲህ አድርጌ ስደረድረው እውነት ይመስል ነበር። ከሰው ጋራ የምንጣላበትም ብዙው ነገር እንዲህ የተደረደረ ነው። ያጠፋሁት ግን የጓደኛዬን ክብር ብቻ አልነበረም። በሥራችን ውስጥ የነበረውን አንድ እውነተኛ ግኝት፣ ያውም ሌሎች በትላልቅ ላቦራቶሪ የደከሙበትን ዓይነት ነገር፣ በአንድ የብዕር መስመር ልቀብረው ነበር።

ብዙ ጊዜ በመካከላችን፣ መሣሪያ የለንም፣ ስለዚህ ሳይንስ የሌላ አገር ሥራ ነው ሲባል እሰማለሁ። የመሣሪያው እጦት እውነት ነው፤ የወርቅ ፍሬ በትነን ጉድጓዱን በመርፌ ለመዳሰስ ዛሬ አንችልም። ነገር ግን አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ አንድ ነበልባል፣ አንድ ጠብታ ውሃና አንድ የእጅ ስልክ ይዘን፣ ከናኖሜትር ያነሰ ንጣፍ ሲገላበጥ አይተናል። ይህን እንዳናይ የጋረደን የመሣሪያ እጦት ሳይሆን የኔ መሰረዣ ነበር።

ስለዚህ ለሳይንስ ክፍላችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። በላቦራቶሪው በር አጠገብ አንድ ተራ መዝገብ ይቀመጥ። ማንም ተማሪ ከጓደኛው ጋራ ያልተስማማለትን፣ ወይም ከመጽሐፉ የተለየበትን ቁጥር፣ ከቀኑና ዕቃውን ካኖረበት ሁኔታ ጋራ ይጻፍበት። ስም መጻፍ ግዴታ አይሁን። ከተጻፈው የሚበዛው በእርግጥ ስሕተት ይሆናል፤ የጣት ቅባት፣ ያልታጠበ ዕቃ፣ የተሳሳተ ንባብ። ነገር ግን ከመካከሉ አንዱ ወይም ሁለቱ እውነት ይሆናሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም መዝገቡን ገልጦ ከኛ የተሻለ ጥያቄ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ እጽፍበታለሁ። የጓደኛዬ አሥር ጠብታዎች አሁንም በእጄ ናቸውና።

ጓደኛዬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስሜን እንዳትጠራ ብሎ ስለለመነኝ አልጠራውም። ነገር ግን ቁጥሮቹ ትክክል እንደነበሩ በአደባባይ ለመመስከር ቃል ገብቼለት ነበር፤ ዛሬ ቃሌን ፈጽሜአለሁ።